ተራራው የወሰደው ሩብ

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ያኔ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ባሰብኳቸው ቁጥር አብረው ይመጡብኛል።

አንደኛው አዋጅ ነው። አጼ ምኒልክ በዚያ ዓመት ባስነገሩት አዋጅ ሰው በእጁ ሥራ እንዳይሰደብ ከለከሉ። ብረት የሚሠራው ጠይብ እየተባለ፣ ሸማ የሚሠራው በሽመናው፣ ቆዳ የሚያለፋው በቆዳው እየተነቀፈ አገር ጥበብ አጣ የሚል ነበር የአዋጁ ቁጭት። ሁለተኛው መኪና ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና አቀበቱን በሲድሌይ መኪና አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። ቀጥቃጩን አትስደቡ የተባለውና የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባን የረገጠው በአንድ ዓመት ነው። መኪናዋ በተሰበረች ቀን የምትፈልገው ደግሞ ያንኑ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነበር።

በእኛ በጉራጌ አገር ማጭድና ቢላ፣ የጦር ጫፍና የእንሰት ማሳ መቆፈሪያ የሚያወጣው ቀጥቃጭ ሁሉ የሚፈልገው፣ ሁሉም የሚርቀው ሰው ነበር። የሠራውን ይወስዱለታል፤ ልጃቸውን አይድሩለትም። ስለ ጉራጌ የጻፈው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የእጅ ባለሙያው ከገበሬው ጋር እንደማይጋባና በማኅበረሰቡ ውስጥ ተለይቶ እንደሚኖር አስፍሯል። የምኒልክ አዋጅ ወናፉ ዘንድ ለመድረስ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ይህን አለሳልሼ ማለፍ አልፈልግም። ዛሬ ወልቂጤ ላይ ወጣቱ የቶርኖ ባለሙያውን በአክብሮት ጋሼ እያለ ሲለማመጠው ሳይ፣ ይህ ክብር ስንት ትውልድ ዘግይቶ እንደመጣ ትዝ ይለኛል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ ከነባቡር መጠገኛዋ፣ ከነአቴሊየሯ ተወለደች ማለት ይቻላል። በ1909 ደግሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። የድሬዳዋው አቴሊየር ሠራተኞች በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ከፈረንሳይ መምጣት ያቆመውን መለዋወጫ ራሳቸው እየቀረጹ ባቡሩን አቆይተውታል። ያ ግን የሐዲዱ ዓለም ነው። ከጉራጌ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባው ወጣት በዚያ ዘመን የሚሸጠው ጉልበቱን ነበር፤ ብረት የሚልጥ ማሽን ገና አልነካም።

ቶርኖን ወደ መንደራችን ያመጣው ወረራው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩት አምስት ዓመታት ከጦሩ ጋር ካሚዮን፣ ከካሚዮኑ ጋር መካኒክ፣ ከመካኒኩ ጋር ደግሞ ቃል መጣ። አገሬው ትሬንታ ኳትሮ ያለው ፊያት 634 ጣሊያን ከወጣ በኋላም ለረጅም ዘመን ጭነት ሲጎትት ኖሯል። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በዚያው ዘመን ተሠርቶ ወልቂጤን አቋርጦ ወደ ጊቤ ወረደ። ካሚዮን የሚያልፍበት ቦታ ካሚዮን የሚበላሽበት ቦታ ነው፤ ካሚዮን በተበላሸበት ደግሞ አንድ ልጅ ካቻቢቴ እያቀበለ ይቆማል። የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቶ የዋለ ሰው ያንን ዘመን በጆሮው ይሰማዋል። ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ነው። ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ከኮሎው የሚያያይዘው ቢዬላ፣ ፒስተኑን የሚጠመጥመው ፋሻ ነው። ቁስል የሚታሰርበት ፋሻም ከዚያው ከጣሊያንኛው ቃል የመጣ ስለሆነ፣ ሞተርና ቁስለኛ በአንድ ቃል ይታከማሉ። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን። እነዚህን ቃላት የተማሩት ልጆች ጣሊያንኛ አልተማሩም፤ ብረቱን ሲማሩ ቃሉ አብሮ ገባ። ቶርኖም እንደዚሁ ነው። ቀጥቃጭ ብረቱን አስቀምጦ መዶሻውን ያነሣል፤ በቶርኖ ላይ ግን ብረቱ ራሱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ቆሞ ይልጠዋል። በዚህ ምክንያት መዶሻ የማያውቀውን ነገር ያውቃል፦ የሚሊ አሥረኛን፣ ጥሩ እጅ ሲገኝ ደግሞ የሚሊ መቶኛን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የቀረው የካሚዮንና የማሽን ክምችት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተና ብረት ሥራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ትምህርት ሆነ። በሌላ በኩል መርካቶ አደገ። ጉልበቱን ሲሸጥ የነበረው ጉራጌ ቀስ በቀስ ዕቃ መሸጥ ጀመረ፤ ሶማሌ ተራ ላይ የተፈታ መኪና ክፍል፣ ምናለሽ ተራ ላይ የተጣለ ብረት ዋጋ አወጣ። ለሞተር ሥራ እነዚህ ሁለት ተራዎች ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የቶርኖ ባለሙያው ጥሩ ብረት የሚያገኘው ከፋብሪካ ሳይሆን ከተሰበረ የካሚዮን አክስል ነው፤ አክስል ሆኖ ያገለገለ ብረት ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ ተፈትኖ መጥቷልና።

በ1950ዎቹ የሆነውን ግን ማንም የጉራጌ ልጅ ሳይነካ የሚያልፈው አይመስለኝም። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴና አገር ቤት ያለው ገበሬ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። አንዱ ማኅበር ከዓለም ገና ተነሥቶ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ በኩል ቡታጅራን ነክቶ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ያዘ፤ ሌላው ከወልቂጤ በእንድብር ወደ ሆሳዕና የሚሄደውን። የዓለም ገናው ማኅበር ታሪክ ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ርዕስ ነበር። መንገዱ ሲደርስ መኪና ደረሰ፤ ለመስቀል ከመርካቶ ወደ አገር ቤት መግባት የእግርና የበቅሎ ጉዞ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ የከተማው መኪና ሁሉ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ያቀናል። ሞተርን እንደዚህ የሚፈትን ሌላ ሰሞን የለም። የጫነው ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ስጦታ፣ ከስጦታው ጋር ስኳርና ቡና አለ። መኪናው አሮጌ ነው፤ መንገዱም ቁልቁለትና አቀበት ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዘመን የነገሠችው ሰይቼንቶ ነበረች። ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ከቱሪን ፋብሪካዋ ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ጉልበቷ 21 ፈረስ ገደማ ነበር። ይህች ከኋላዋ የምትነዳ ትንሽ መኪና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። ሹፌሮቹ ቶሎ የተረዱት አንድ ነገር ግን በፋብሪካው ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ቱሪን ሜዳ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሩቡ ጎድሎ ይገኛል። ሲሊንደሩ ያው ሲሊንደር ነው፤ ሲስብ የሚሞላው ግን በሳሳ አየር ነው። ስለዚህ 21 ፈረስ ተብላ የተሸጠችው መኪና አዲስ አበባ ላይ 16 ፈረስ ነች። አራት ሰው ጭና አቀበት የምትወጣው በዚህ ነው። ቡታጅራ 2,100፣ ወልቂጤ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ጉድለቱ ትንሽ ያንሳል፤ ግን አለ። ሌላም ጣጣ አለ። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን በለመደው ልክ ያፈሳል። ድብልቁ ስለዚህ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ገንዘብ በጭስ ይሄዳል።

እኔ የዚህን አገር የሞተር ሥራ የማየው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ሌላ አገር ሞተር ላይ በእጅ የተሠራ ክፍል የሚገጥመው ሰው ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ፍጥነት ይፈልጋል። በጣሊያን ካርሎ አባርት ያደረገው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ድርጅቱን አቋቁሞ ለተራ መኪና ማርሚታ በመሸጥ ታወቀ፤ ቆይቶም ሰይቼንቶን ወስዶ የሲሊንደሩን ስፋት 61፣ የፒስተኑን ጉዞ 64 ሚሊ አደረገውና ሞተሯን 747 ሲሲ፣ ጉልበቷን ወደ እጥፍ አወጣው። የእኛ ሰው ቶርኖ ቤት ሲገባ ግን አስቀድሞ የሚፈልገው ተራራው የወሰደበትን ሩብ ነው። የሚያስመልሰው የራሱን ነው።

የማስመለሻው መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ነው፤ ሁሉም ርካሽ ነው። የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ማጥበብ የመጀመሪያው ነው። አዲስ ክፍል ከሌለ አሮጌዋ ቀዳዳ በሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ትደፈንና በቀጭን መብሻ እንደገና ትበሳለች። ባሕር ወለል ላይ 1.30 ሚሊ የነበረች ቀዳዳ አዲስ አበባ ላይ 1.22 አካባቢ ትበቃለች። ልዩነቱ ከጸጉር ውፍረት አይበልጥም፤ በዓይን የሚታይም አይደለም። ሁለተኛው እሳቱን ማስቀደም ነው፤ ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ ካንዴላው ትንሽ ቀደም ብሎ መተኮስ አለበት። ሦስተኛው የቶርኖ ቤቱ ድርሻ ነው፦ ቴስታታ ማስላጥ። የቴስታታው ፊት ሲላጥ ከፒስተኑ በላይ ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ የሳሳው አየር ይበልጥ ይጨመቃል፣ ከጠፋው ጉልበት የተወሰነው ይመለሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ እንዲህ ያለ ጭመቃ ቤንዚኑን ያለጊዜው አፈንድቶ ፒስተኑን ይደበድበዋል። እዚህ ላይ ግን የሰረቀን ተራራ ራሱ ይጠብቀናል፤ ስስ አየር ስለሆነ ጭማሪውን ይችለዋል።

የካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ሹፌሮች አድማ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን መኪናውን ያለ መለዋወጫ አስቀረው። የውጭ ምንዛሪ ለጦርነት ነበር፤ ለፒስተን የሚተርፍ አልነበረም። ላዳ በብዛት የገባችው በዚያ ዘመን ሲሆን፣ መሠረቷ ፊያት 124 ስለነበር የጣሊያንኛው ቃል ከእርሷም ጋር ሠራ። የላዳ 2101 ሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊ ነው። ወደ 79 ተሰፍቶ የሌላ ላዳ ፒስተን ሲገባበት 1,200 ሲሲ የነበረው ሞተር 1,300 ይጠጋል፤ በሶቭየት ኅብረት ጋራዦችም የታወቀ ዘዴ ነበር። ግድግዳው ስለሚሳሳ ሞተሩ ይሞቃል። የሚያስበው ባለሙያ ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን ሂሳብ ይሠራል፦ ዛሬ የሚገኘው ጉልበት ነገ በሙቀት ይከፈላል።

ፒስተን ራሱን በእጅ መሥራት የሞከሩም ነበሩ። አሉሚኒየም ይቀልጣል፣ በአሸዋ ቅርጽ ይፈስሳል፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ቶርኖ የራሱ ወሰን አለው። እውነተኛ ፒስተን ክብ አይደለም፤ በሚሊ ክፍልፋይ ሞላላ ሆኖ ወደ ላይም ይጠባል፤ ሲሞቅ ነው ክብ የሚሆነው። ቶርኖ ደግሞ የሚያውቀው ክብ ብቻ ነው። ስለዚህ በቶርኖ የወጣ ፒስተን ሰፊ ክፍተት ካልተተወለት ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከተተወለት ሲቀዘቅዝ ያንኳኳል። ብልሆቹ ሌላ ዘዴ ያዙ። ከትልቅ ሞተር የተገኘ የፋብሪካ ፒስተን ራሱን ዝቅ አድርጎ መላጥ፣ የፒኑን ቀዳዳ በነሐስ ቦኮላ ማጥበብ። የተረፈውን ፋብሪካ ሠርቶታል፤ የጎደለውን ብቻ ቶርኖ ይሞላዋል። ለእኔ የአገራችን ምህንድስና ምርጡ ሐሳብ ይህ ነው፣ ምንም እንኳ ማንም ወረቀት ላይ ባያሰፍረውም።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት የአቃቂው መለዋወጫ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ክልል ከተማ ላሉት ሰዎች ግን የቅርቡ ፋብሪካ ሰፈር ያለው ቶርኖ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አሮጌ መኪና በብዛት ገባ። የወጣቱን ልብ የወሰደችው ዲኤክስ ናት። ቶዮታ ኮሮላ፣ ከኋላ የምትነዳ፣ ካርቡሬተር ያላት፣ ሞተሯ በአብዛኛው 3ኬ ወይም 4ኬ። እነዚህ ሞተሮች ለቶርኖ ቤት የተሠሩ እስኪመስሉ ቀላል ናቸው። ሁለቱም ስፋታቸው 75 ሚሊ ነው፤ የፒስተኑ ጉዞ በ3ኬ 66፣ በ4ኬ 73 ስለሆነ አንደኛው 1,166፣ ሌላው 1,290 ሲሲ ይሆናል። ታላቅ ወንድማቸው 5ኬ ስፋቱ 80.5 ደርሶ 1,486 ሲሲ ነው። 4ኬው በአንድ ሚሊ ሲሰፋ 1,325 ሲሲ ይጠጋል።

የቴስታታው ሂሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። የ4ኬ አንዱ ሲሊንደር 322 ሲሲ ይስባል፤ ጭመቃው ወደ 9 ለ 1 ስለሚጠጋ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ክፍተት 40 ሲሲ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 4 ሲሲ ቢላጥ ጭመቃው ወደ 10 ለ 1 ይጠጋል። ለአንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ቦታ ነው። ወጣቱ ግን ሁለት ሚሊ፣ ሦስት ሚሊ ይላጥልኝ ብሎ ይመጣል። የቶርኖ ባለሙያው ሥራ አንዱ መላጥ ነው፣ ሌላው እምቢ ማለት ነው። ብዙ ከተላጠ ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ለቦታው ረጅም ይሆናሉ፣ የውሃው መተላለፊያ ይሳሳል፣ ጓርኒሲዮኑ መንፋት ይጀምራል።

ከዚያ ካርቡሬተሩ ይመጣል። ከትልቅ ሞተር የተፈታ ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር በዲኤክስ መግቢያ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ብሎኖቹ አይገጥሙም፣ ጉሮሮዎቹም አይተያዩም። መሐል ላይ አገናኝ ሳህን ያስፈልጋል። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሚሊ ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ቶርኖው ላይ በአራት ጣት መያዣ ይታሰራል። አራቱ ጣቶች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ብረቱን ከመሐል አሽሽቶ መያዝ ይቻላል፤ መጀመሪያ አንዱ ጉሮሮ፣ ከዚያ ተፈትቶና ተዘዋውሮ ሁለተኛው ይበሳል። ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የመግቢያውን አፍ እስኪመስል ድረስ በስለት፣ ከዚያ በእጅ ሞረድ ይስተካከላል። ፊቱ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ መስታወት ላይ አሸዋ ወረቀት ተዘርግቶ ሳህኑ ይታሻል፤ ያልተነካ ቦታ ካለ እዚያ አየር ይሾልካል፣ የሾለከ አየር ደግሞ ሞተሩን አላሳርፍ ይላል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ከተሠራ በኋላ ማንም አያየውም፤ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ተቀብሮ ይኖራል።

ፍላይዊሉን፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ መንኮራኩር፣ ለማቅለል የሚመጡም አሉ። ሞተሩ ቶሎ ይነሣል፣ ግን አቀበት ላይ ቶሎ ይሞታል፤ ያ ክብደት ለቤተሰብ መኪና አቅም ነው። ብዙ ከተላጠ ደግሞ ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል፣ የሚፈነዳውም በሹፌሩ እግር አጠገብ ነው። በዚህ ላይ እምቢ ያሉ ባለሙያዎች ሁሉ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አጎቴ 4ኬ የገጠመች ዲኤክስ ነበረው። ቴስታታዋ በአንድ ሚሊ ገደማ ተላጦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የምታኮራ፣ ወልቂጤ ላይ ደህና ነበረች። አንድ የመስቀል ሰሞን ግን ከወልቂጤ አልፈን ወደ ጊቤ ወረድን። ሸለቆው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከወልቂጤው በ10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ድልድዩን ተሻግረን የማዶውን አቀበት ስንጀምር ሞተሩ ውስጥ የተበተነ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲፈነዳ ነው እንዲህ የሚሰማው። አጎቴ ጋዙን ለቀቅ፣ ማርሹን ወረድ አደረገና በዝግታ ወጣን። ለአዲስ አበባ የተሰፋ ሱሪ ለጊቤ ጠበበ አለኝ። ተራራው የወሰደውን ያስመለሰ ሰው ከተራራው ሲወርድ ዕዳ እንዳለበት የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ራሱ ተለወጠ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2006 መግቢያ ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተሰናበቱ። ለሕፃናት አእምሮ ታላቅ ምሕረት ነበር። ለአሮጌ ቴስታታ ግን እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን የሚጠብቅ ትራስ ስለነበር፣ ትራሱ ሲነሣ መቀመጫው መበላት ጀመረ። ቶርኖ ቤቶች አዲስ ሥራ አገኙ፦ ጠንካራ የብረት ቀለበት ማውጣት። ቀለበቷ ከምትገባበት ቀዳዳ በሚሊ አሥረኛ ያህል ትሰፋለች። ቴስታታው ይሞቃል፣ ቀለበቷ ትቀዘቅዛለች፣ በአንድ ምት ትገባለች፤ ሁለቱ እኩል ሲሞቁ ማንም አያወጣትም። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ፣ በ2003 10 በመቶ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀመረ። ኤታኖል ድብልቁን ያሳሳዋል፣ ጭመቃን ይበልጥ ይችላል። የካርቡሬተሩን አሮጌ ጎማዎች ግን ያሳብጣቸዋል።

በእነዚያው ዓመታት ካርቡሬተር የሌላት ቪትዝ መንገዱን ሞላች፣ ሞተር ማስተካከል የኮምፒዩተር ሥራ ሆነ። ወልቂጤና ቡታጅራ ውስጥ ግን ካርቡሬተር አልሞተም። ባጃጅ መጣ። ሞተሩ 200 ሲሲ አይሞላም፤ ሦስት ሰው ይጫንበታል፣ ሕግ ካላየ አራትና አምስት። በጠዋት የሚነሣውና ማታ የሚገባው የባጃጅ ሲሊንደር በቶሎ ይበላል፤ ሰይቼንቶ ያስተማረችው ሁሉ በእርሱ ላይ ይሠራል። ከካርቡሬተሩ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ቦኮላው ያው ሥራ ነው። ከአሮጌ የአይሱዙ ካሚዮን ላይ አካል እየተቀጠቀጠ የሚሠራው የሕዝብ ማመላለሻም ስሙ ቅጥቅጥ ሆነ። ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲሰማ ለኖረ ሰው፣ ቤተሰቡን ሁሉ በቅጥቅጥ ሲሳፈር ማየት ምን እንደሚመስል ሁልጊዜ አስባለሁ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የግል መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ያለው ካርቡሬተር በሌላ የማይተካ ስለሆነ፣ ያለው ቶርኖም ሥራ አላጣም።

ባለፈው ወደ ቡታጅራ ስሄድ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ስድሳውን ያለፈ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የዲኤክስ ቴስታታ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ፊቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተልጧል። ጋሼ፣ እንደገና ሊላጥ ነው? አልኩት። አይደለም አለኝ፤ መኪናዋን አርባ ምንጭ የሚኖር ሰው ገዝቷታል፣ እዚያ ቆላ ነው፣ እንዲህ ሆና ከወረደች ፒስተኗን ትበላለች። አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ላሜራ አወጣ፤ በአሮጌ ጓርኒሲዮን ልክ ተቆርጦ፣ አራቱ የሲሊንደር ክቦች በቶርኖ ተበስተዋል። የተላጠውን አንድ ሚሊ በመዳብ ሊመልስላት ነው።

መዳቡ ግን ገና ጠንካራ ነበር፤ ጠንካራ መዳብ ክፍተት አይደፍንም። ወደ ጓሮ ይዞት ወጣ። ከሰል ተያይዟል፣ አጠገቡ ወናፍ አለ። እየነፋ መዳቡ እስኪቀላ ጠበቀ። ብረት ቀልቶ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል፣ መዳብ ቀልቶ ውሃ ሲገባ ይለሰልሳል አለኝ፤ ከማን እንደተማረው ስጠይቀው አባቴ ቀጥቃጭ ነበር አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። ከዚያ በጉጠት አነሣውና ባልዲው ውስጥ ከተተው።